«ተዘግቷል» የተባለው ኩሬ

ጡረታ ስወጣ የሥራ ባልደረቦቼ ጃንጥላ ሸለሙኝ። እንግዲህ ዕድሜዋን ሙሉ ዝናብ ስትጠብቅ ለኖረች ሴትዮ ጃንጥላ! አስበውበት ይሁን ገበያ ላይ ሌላ ነገር አጥተው አላውቅም፤ አመስግኜ ተቀበልኩ። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ዘርግቼው አላውቅም። ዝናብ ሲጥል በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆሜ ነው የምሰማው። ከተማው ላይ ብቻ ነው የሚጥለው ወይስ ከኩሬው በላይ ያለው ተዳፋትም ላይ ደርሷል እያልኩ አንገቴን አሰግጋለሁ። ልጄ «እማዬ፣ አሁን እኮ መሥሪያ ቤት የለሽም፣ ግቢ ብርድ ይመታሻል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሆዴ ግን አብሮኝ ጡረታ አልወጣም።

ሰው ስለ ሥራ ዘመኔ ሲጠይቀኝ ስለ ድርቅ፣ ስለ እርዳታ ስንዴ፣ በረሃ ላይ ስለሚበላሽ መኪና እንድተርክለት ይጠብቃል። እሱም ነበር፤ አበልና ማመልከቻውም ነበር፤ ይቅር። እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን አንዲት ቃል ናት። ከሷ በፊት ግን እንዴት የኩሬ ሰው እንደሆንኩ ልንገራችሁ።

ያደግሁት ነገሌ ነው፤ ጦር ሰፈሩ አጠገብ። አባቴ የወሎ ሰው፣ ወታደር ነበር። እኔም ትምህርቴን ጨርሼ እዚያው ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። በሰማንያ ሦስት ጦሩ ሲበተን የሚመታው ደብዳቤም፣ ደብዳቤውን የሚፈርመውም ሰው አብሮ ጠፋ። አባቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ መንገዱን ሲያይ ይውላል፤ እናቴ «እንግዲህ ምን ሊውጠን ነው» ትላለች። ከወራት በኋላ የውሃ ሥራ የያዘ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ይፈልጋል ሲባል እየሮጥኩ ሄድኩ። ተቀጠርኩ። ለካ መሥሪያ ቤቱ የጽሕፈት መኪና የለውም!

«ታዲያ ምን ልሥራ?» ብዬ ስጠይቅ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ከፔርሙስ ሻይ የሚቀዱ ረዥም ሰውዬ ቀና እንኳ ሳይሉ «መኪና ውስጥ ግቢ» አሉኝ። ጋሽ ማቴዎስ ነበሩ። የወላይታ ሰው፣ የውሃ ቴክኒሻን፤ የዚያን አገር ኩሬዎች ሁሉ የሚከታተሉት እሳቸው ናቸው። ውሃ የሚቀዱት ሴቶቹ ናቸው፤ ለወንድ ባለሙያ ግን ከሰላምታ በላይ አይናገሩም። ስለዚህ ጋሽ ማቴዎስ ሴት ሠራተኛ ይፈልጉ ነበር፤ የተገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

የሄድነው ሐሮ ዲማ ነው። ከነገሌ ወጣ ብሎ አንዲት የመንገድ ዳር ከተማ አለች፤ ስሟን ልተወው። ኩሬው ያለው ከከተማዋ ዝቅ ብሎ፣ ግራር ከበዛበት ተዳፋት ግርጌ ነው። ሐሮ በኦሮምኛ ኩሬ ማለት ነው፣ ዲማ ደግሞ ቀይ። ቦረናዎች ዱሮ በእጃቸው የቆፈሩት ነው ይባላል። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠበቁን። ጋሽ ማቴዎስ «ሰላምታ አቅርቢ፣ ለምን እንደመጣንም ንገሪያቸው» ብለው ገፋ አደረጉኝ። እኛ ካምፕ አጠገብ ያደግን ልጆች ኦሮምኛችን የገበያ ነው፤ ሽንኩርትና ወተት ለመግዛት ይበቃል፣ ከዚያ አያልፍም። እኔ ግን ምን ገዶኝ! ደረቴን ነፍቼ «ኩሬያችሁን ልንጠግን መጥተናል» ያልኩ መሰለኝ። ሐሮ በማለት ፈንታ ሐሬ ብያለሁ። ሐሬ አህያ ነው።

ኦቦ ገልገሎ የሚባሉት፣ መሐል የተቀመጡት፣ በአማርኛ «የኛ አህያ ደህና ነው ልጄ፤ ዛሬ ጠዋትም ሣር በልቷል» አሉኝ። የሳቁ ነገር! አንዲት እኩያዬ የምትሆን ልጅ ከኋላ ሆና በነጠላዋ አፏን ይዛ ትንፈቀፈቃለች። ሎኮ ነበረች፤ የኦቦ ገልገሎ ልጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ አገር ስሜ አስቴር መሆኑ ቀረ፣ «የአህያዋ ሐኪም» ሆንኩ። ሎኮ እስከ ዛሬም አልተወችኝም።

ኦቦ ገልገሎ አባ ሄሬጋ ናቸው። አባ ሄሬጋ ማለት የውሃውን ተራ የሚያስይዝ ሰው ነው፤ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ፣ ኩሬው መቼ እንደሚከፈት መቼ እንደሚዘጋ የሚወስነው እሱ ነው። ቃሏ እንግዲህ እዚች ጋ ናት፤ ልብ በሉልኝ። ሐሮው የሚዘጋው ሲሞላ ነው። አዎ፣ ሲሞላ! ለአዲስ ሰው ግራ ነው። ዝናብ ሲጥል ሜዳው ላይ እዚህም እዚያም ውሃ ያቁራል፤ ከብቱ እሱን እየጠጣ ይቆያል። ሐሮው ግን በእሾህ ይታጠራል፣ ከብት አይረግጠውም፣ ልብስ አይታጠብበትም። ሜዳው ደርቆ ፀሐይዋ ስትከፋ ነው አባ ሄሬጋው እሾሁን አንስቶ የሚከፍተው። ስለዚህ «ሐሮው ተዘጋ» ሲባል ሴቶቹ እፎይ ይላሉ። በኛ በነገሌዎቹ አማርኛም «ተዘጋ» ማለት ሞላ፣ ለዘንድሮ ተረፍን ማለት ሆኖ ቀረ። ቢሮ ውስጥ «ሐሮ ዲማ ተዘጋ» የሚል ወሬ ሲመጣ እልል እንል ነበር።

የጋሽ ማቴዎስን ሥራ ልናገር ብል ብዙ ነው። ኩሬ ሲያዩ ኩሬውን አያዩም። መጀመሪያ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጥተው ይቆማሉ፣ ፊታቸው ወደ ተዳፋቱ። «ውሃው የትም አይሄድ፣ እዚያው ተኝቷል፤ የሚመጣበትን ነው ማየት» ይላሉ። ከዚያ ተዳፋቱን ይወጣሉ። ሣሩ ሳስቷል ወይ? አዲስ የእግር መንገድ ወጥቷል ወይ? ግራር የቆረጠ አለ? ጎርፉ ሣር ለብሶ ከወረደ ጠርቶ ይገባል፤ ተራቁቶ ከወረደ ደለል ይዞ ይገባል፣ በጥቂት ክረምት ኩሬውን ይደፍነዋል። ሊበን ሜዳ ላይ አንዲት ትንሽ ወፍ ፍለጋ ሣር ሣሩን እያዩ የሚዞሩ ፈረንጆች ነበሩ፤ ሰው ይስቅባቸዋል። ጋሽ ማቴዎስ ግን አይስቁም። «እነሱም እንደኔ ናቸው፣ ሣር ከሌለ ወፏም የለችም» ይላሉ።

ወለሉ ላይ ሲወርዱ ጫማቸውን ያወልቃሉ። በውስጥ እግራቸው ነው የሚመረምሩት። ከወለሉ ቆንጥረው አፈሩን በውሃ ያርሱና በመዳፋቸው መሐል ያሹታል፤ ቀጥኖ ረዝሞ እንደ ክር ከወጣ ውሃ ይይዛል፣ ከተበጣጠሰ አሸዋ አለበት። የሐሮ ዲማ ወለል ጥቁር ሸክላ ነው፤ ሲያሹት እስከ ክርናቸው የሚደርስ ክር ይወጣዋል። ከሥሩ ግን አሸዋ አለ። «ይቺ ጥቁር አፈር የድስት ቂጥ ማለት ናት፤ እሷን የነካ ቀን ወጡ ምድጃ ላይ ነው» ብለውኛል። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ፤ ከዚያ ወዲህ አካፋ ይዞ ወደዚያ የሚጠጋ ሰው ባየሁ ቁጥር እየጮኽኩ አስቆመዋለሁ።

ዘጠናዎቹ ሲገቡ አንድ ክፉ ዓመት መጣ። ዝናቡ ቀረ። አሬሮ በኩል ከብት በመንገድ ዳር ወድቆ ይታያል፤ በዱብሉቅ ጥልቅ ጉድጓዶች ላይ ወረፋው ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል። በዚህ መሐል አንድ ዝናብ፣ አንድ ብቻ፣ የሐሮ ዲማ ተዳፋት ላይ ጣለ። ሣሩ የተጠበቀ ስለነበር ጎርፉ ጠርቶ ወረደ፣ ኩሬው ከግማሽ በላይ ያዘ። ሽማግሌዎቹ ሳይውል ሳያድር እሾህ ጎትተው ዘጉት። ዙሪያውን ላለው መንደር ሁሉ የቀረው ተስፋ ያ ውሃ ነበር።

ያን ሰሞን ስልክ የለም፤ ከበላይ መሥሪያ ቤት ጋር የምንገናኘው በመገናኛ ሬዲዮ ነው። «የኩሬዎቹ ሁኔታ እንዴት ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ማቴዎስ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዓመት ጥርሳቸው ታየ። «ሌላው ደርቋል! ሐሮ ዲማ ግን ተዘግቷል!» አሉ። ሬዲዮው ሽሽሽ አለ። «ድገሙት፣ አልሰማንም!» «ተዘግቷል! ሐሮ ዲማ ተዘግቷል! ለሱ እንኳ ሐሳብ አይግባችሁ!» ከማዶ በጩኸቱ መሐል «ገባን» የምትል ድምፅ መጣችና ጠፋች። እኔም አጠገባቸው ቆሜ ደስ ብሎኝ እስቃለሁ።

ቃሉን የሰማው ሰው ግን ነገሌ አልኖረም። ለሱ ኩሬ ተዘጋ ማለት በደለል ተደፈነ፣ አገልግሎት አቆመ ማለት ነው። እውነት አለው፤ በአማርኛ ማን ሌላ ነገር ይረዳል? ጋሽ ማቴዎስ ያን ያህል ዘመን ከቦረና ጋር ኖረው አማርኛቸው ሳይታወቃቸው የነሱን ሐሳብ ለብሶ ነበር። የበላይ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ያን ቀን ሰነፍ አልነበረም፤ ወዲያው ዶዘር ላከ። ክፋቱ መልካም ሐሳብ መሆኑ ነው።

እኛ ያኔ አሬሮ ነበርን፤ መኪናችን እዚያ ተበላሽቶ ቆይተናል። ስንመለስ በሐሮ ዲማ በኩል እንለፍ ተባባልን። ኦቦ ገልገሎ ከሩቅ አይተውን እጃቸውን አነሱ። «ናጋ ማቴዎስ! ናጋ ጂርታ?» አሉ። ሰላምታው እንደ ደንቡ ረዘም አለ፤ ስለ ሰው፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገዱ። ያን ቀን ወደ ሐሮው ገና አልወረዱም ነበርና ፈገግ ብለው፦

«ልጆችህ መጥተው ነበር፤ ሠርተው ሄዱ» አሉ።

«የትኞቹ ልጆቼ?»

«ባለማሽኖቹ ናቸዋ! ከናንተ መሥሪያ ቤት ነው የመጣነው አሉን። ከናንተ ከሆነማ ማቴዎስ ነው የላካቸው ብለን እሾሁን እኔው በእጄ አነሳሁላቸው።»

ጋሽ ማቴዎስን አየኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ። ተዳፋቱን አልወጡም፤ ጀርባቸውን አልሰጡም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥ ብለው ወደ ውሃው ሮጡ፣ ጫማቸውን እንዳጠለቁ። ያኔ ነው ክው ያልኩት። እኒህ ሰውዬ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም።

ዶዘሩ ውሃው ያልደረሰበትን ደረቁን ጎን «እናጥልቀው» ብሎ ቆርሶታል። ጥቁሩን ሸክላ አልፎ አሸዋው ድረስ ወርዷል። ከዚያ የቆመው ውሃ ዳሩን ሰብሮ ወደ አዲሱ ጉድጓድ ገባ። ሕዝቡ መጀመሪያ «ሰፋ!» ብሎ ደስ አለው፤ ኦፕሬተሩም ተመርቆ ነው የሄደው። ውሃው ግን አዲሱ ጉድጓድ ውስጥ እየገባ ወደ ታች ይሰምጣል። እኛ ስንደርስ መሐል ላይ ጭቃና ጥቂት ቡናማ ውሃ ነው የቀረው፤ ዓይናችን እያየ ዳር ዳሩ ይሸሻል። ጋሽ ማቴዎስ ጉድጓዱ ውስጥ ወርደው አሸዋውን በእጃቸው ዘገኑና በጣቶቻቸው መሐል ለቀቁት። እኔ ጮኼ አለቀስኩ፤ ምን አሳፍሮኝ።

ሎኮ መጥታ ክንዴን ያዘች። «ውሃው የት ሄደ?» አለችኝ። «ትናንት ነበር፤ እዚህ ድረስ ነበር። የት ሄደ? አንቺ ንገሪኝ!» ልጇን አዝላ ነበር። ምን ልበላት? ቃሉን ልንገራት? በዚያ ሳምንት ወንዶቹ ከብቱን ይዘው ወደ ዱብሉቅ ተነሡ። ሎኮ ጥጆቹን ይዛ ቀረች፤ በጄሪካን የምትቀዳውን ለልጇና ለጥጆቹ ታካፍላለች። ከጥጆቹ አንዱ እንኳ አልተረፈላትም። ከብቱም ከመንገድ ብዙው አልተመለሰም። ያን ዓመት የማስታውሰው ማንም ሰው ጋሽ ማቴዎስን ባለመሳደቡ ነው። ቢሰድቧቸው ይሻል ነበር፤ ሰውዬው ሻይ መጠጣት ሁሉ ትተው ነበር።

በኋላ ሽማግሌዎቹ ዛፉ ሥር ተሰብስበው ነገሩን አዩት። ጋሽ ማቴዎስ ተነሥተው የሬዲዮውን ነገር አንድ በአንድ ተናገሩ። «ማሽኑን አልላክሁም። ቃሉ ግን ከኔ አፍ ነው የወጣው» አሉ። ኦቦ ገልገሎ በትራቸውን መሬት ላይ አጋድመው «እሾሁን ያነሣሁት እኔ ነኝ፤ እኔም ከሱ ጋር ነኝ» አሉ። ከዚያ ቅጣት ተቆረጠ። እንደ ልማዱ በከብት አይደለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐሮው በተዘጋ ቁጥር ጋሽ ማቴዎስ እሾሁ አጠገብ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ሙሉውን መናገር አለባቸው፤ በኦሮምኛም በአማርኛም። «ሞልቷል፣ በእሾህ ታጥሯል፣ ለበጋ ተቀምጧል።» ኦቦ ገልገሎ በመጨረሻ ጣታቸውን ቀስረው «አጭር አማርኛ ክልክል ነው!» አሉ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ማቴዎስ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ እንባቸውን ጠረጉ።

ወለሉን መመለስ ከመሥራት ይብስ ነበር። ሸክላ ከየት ይምጣ? የኩይሳ አፈር እንሞክር ተባለ፤ ምስጥ የሠራው ኩይሳ አፈሩ የላመ ነው፣ ጋሽ ማቴዎስ አሽተው ክር ሲያወጣ አዩት። ሴቶቹ በጆንያ፣ ወንዶቹ በአህያ (አዎ፣ በአህያ! ሎኮ ያን ቀን እንዴት እንደሰደበችኝ!) እያመላለሱ አሸዋው ላይ ደለደሉት። መጠቅጠቂያ ማሽን አንጠራም፤ ማሽን የሚለውን ስም ማን ሊሰማ! ስለዚህ ከድርቁ የተረፈውን ከብት አመጡ። ዘመናቸውን ሁሉ ከዚያ ወለል በእሾህ ሲታገዱ የኖሩ ላሞች አሁን በዱላ እየተነዱ እንዲገቡ ተደረገ። እምቢ አሉ። ፈሩ። ኦቦ ገልገሎ እያንጎራጎሩ ቀድመው ገቡላቸውና ተከተሏቸው፤ እርጥቡን አፈር ዙሪያውን እየረገጡ ጠቀጠቁት። ሣርና ድንጋይ እየደረደርን ከላይ ተዳፋቱ ላይ የደለል ማቆሚያ ሠራን። አንድ ክረምት ያዘና ለቀቀ። ሌላ ክረምት ትንሽ ቆየ። እኔ በያንዳንዱ ዝናብ ማግስት እየሄድኩ የውሃውን ዳር አያለሁ፤ ወርዷል? አልወረደም? ስንት ክረምት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ አንድ በጋ ሙሉ ያዘ። ዳክዬዎቹ ተመለሱ፣ ጅግራውም፤ ጠዋት ጠዋት የሚዳቋ ኮቴ ዳር ላይ ይታያል።

ጋሽ ማቴዎስ ያን በጋ አላዩም። ለስደተኞች ውሃ ለማዳረስ ወደ ዶሎ ኦዶ ተዛውረው ነበር፤ እኔም በኋላ፣ ሐሮው በተዘጋ ቁጥር እየተመላለስኩ፣ እዚያ ጥቂት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከአቧራውና ከቦቴ ወረፋ በቀር የማስታውሰው የለኝም። ሲሄዱ ፔርሙሳቸውን ሰጡኝ። «ቅጣቱንም አደራ» አሉኝ። እንዲህ ነው ቅጣት የወረስኩት። ከዚያ ወዲህ ሐሮ ዲማ በተዘጋ ቁጥር እሾሁ አጠገብ ቆሜ ሙሉውን የምናገረው እኔ ነኝ። እሳቸው አሁን አርጅተው ሶዶ ናቸው፤ ዝናብ በገባ ቁጥር ይደውላሉ። ሰላምታ የለም፣ «ተዘጋ?» ይላሉ። «ሞልቷል፣ በእሾህ ታጥሯል፣ ለበጋ ተቀምጧል ጋሼ» እላቸዋለሁ። «እሰይ» ብለው ይዘጉታል።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው እንግዲህ ይኼ ጣጣ የመጣው። ሎኮ ደወለችልኝ። ኦቦ ገልገሎ ካረፉ ቆይተዋል፤ ሎኮ አሁን የኩሬው ኮሚቴ ሰብሳቢ ናት። «የአህያዋ ሐኪም፣ ቶሎ ነዪ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ቀልድ አልነበረበትም። ደረስኩ። ተዳፋቱ ላይ፣ ሣሩ መሐል፣ ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ተተክሏል። እዚህ ችካል፣ እዚያ ችካል፣ እስከ ግራሮቹ ድረስ። ቤት መሥሪያ ቦታ ሊሸነሸን ነው። ከዚያ ላይ ሣሩ ተነሥቶ ቤትና መንገድ ከገባ ሐሮው በጥቂት ክረምት ደለል ይውጠዋል፤ አሁን ደግሞ ወለል የምንጠግንበት አቅምም ዕድሜም የለንም።

የመሬት ሥራ የያዘው ክፍል ሄድን። ዮናስ የሚባል ልጅ ነው ያገኘነው፤ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ ጨዋ፣ ትሑት። ወንበር ሳበልን።

«ማዘር፣ እኛ እኮ ዝም ብለን አይደለም» አለኝ። «ኩሬው አገልግሎት ይሰጣል ወይ ብዬ ራሴ በየሰፈሩ ዞሬ ነዋሪውን ጠይቄያለሁ። ሁሉም አንድ ቃል ነው የነገሩኝ፤ ተዘግቷል አሉኝ።»

ሎኮና እኔ ተያየን። ያ ሁሉ ዘመን አልፎ ያቺው ቃል! እሾሁ አጠገብ ቆመን በጮኽን ቁጥር የሰማው ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሲሄድ በአጭሩ ይላታል። ሎኮ በኦሮምኛ አንድ ነገር ብላ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ልጁ «ምን አልኩ?» እያለ ይገረማል። ውጭ ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር ሎኮ ተነሣች።

«ና» አለችው። «ዝናቡ ሳያባራ ና።»

«አሁን? በዚህ ዝናብ?»

«አሁን ነው እንጂ!»

መጣ። እግዜር ይስጠው፤ ሌላ ቢሆን አይመጣም ነበር። ሐሮ ዲማ ስንደርስ ዝናቡ ጠንክሯል፤ ውሃው እሾሁ ውስጥ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዮናስ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይኼ ሁሉ ውሃ እያለ ነው ተዘግቷል ያሉኝ?» አለ። ሎኮ ትከሻውን ያዘችና ጀርባውን ለውሃው አድርጋ አዞረችው። ጋሽ ማቴዎስ ሲቆሙ እንደነበሩት ቆመ። ከተዳፋቱ ጎርፉ በሣሩ መሐል ጠርቶ፣ ረጋ ብሎ ይወርዳል፤ በችካሎቹ መሐል፣ ችካሎቹን እየታከከ። ዮናስ ችካሎቹን አንድ በአንድ በዓይኑ ተከተለ። ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ግን አስረዳሁት፤ ዝም ማለት አልችልማ። ሬዲዮውን፣ ዶዘሩን፣ የሎኮን ጥጆች፣ ሁሉንም ዝናብ ላይ ቆሜ ነገርኩት።

ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው ደወለ። «ጌታዬ፣ ኩሬው ጋ ነኝ። ተዘግ...» ሲል ሎኮ በትሯን አነሣች። ልጁ ዋጠው። ወደኔ አየ። እኔ በጆሮው ሹክ አልኩት፣ እሱም ጮክ ብሎ ተናገረው፦ «ሞልቷል! በእሾህ ታጥሯል! ለበጋ ተቀምጧል!»

ኔትዎርኩ ተቆራረጠ። ሽሽሽ አለ። ያችን ድምፅ አውቃታለሁ። ከማዶ «እሺ፣ ገባኝ» የሚል ነገር መጣ።

«ድገመው» አልኩት።

«ገባኝ እኮ አሉ ማዘር።»

«ያኔም ገባን ብለው ነበር! ድገመው፤ መልሰው ይበሉት፣ ከሳቸው አፍ ልስማ።»

ደገመው። እንደገና ተቋረጠ፣ እንደገና ደወለ፤ ጎርፉ በችካሎቹ መሐል እንደሚወርድም ጨመረበት። በመጨረሻ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገውና ከማዶ ሰውየው፣ ትንሽ ተሰላችቶ፣ «ሞልቶ፣ በእሾህ ታጥሮ፣ ለበጋ የተቀመጠ ውሃ ነው እያልከኝ ነው፤ ገባኝ። ችካሉ ለጊዜው ይነቀል» አለ። ሎኮ እዚያው ጭቃው ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ተነሥተን ነቀልነው፤ ዮናስም አብሮን በንጹሕ ሱሪው ነቀለ። ሎኮ ችካሎቹን ጠቅልላ ለማገዶ ወሰደቻቸው። እሾሁ አጠገብ ቆሜ ቅጣቴን በሁለት ቋንቋ ተወጣሁ።

በማግስቱ ሶዶ ደወልኩ። ጋሽ ማቴዎስ ጆሯቸው ደክሟል፤ እየጮኽኩ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ልጁ ሲሰሙ ሳቁ። የችካሉ ነገር ጋ ስደርስ ግን አቋረጡኝ።

«ምን ብለው ነው ያስነቀሉት?»

«ለጊዜው ይነቀል ብለው።»

«ለጊዜው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ ነው? ሙሉው ምንድነው?»

ውሃ ሆንኩ። ቃሉን ያን ያህል ያስደገምኩት ሴትዮ ያቺን አንዲት ቃል ዝም ብዬ አሳልፌያታለሁ።

«አላውቅም ጋሼ» አልኳቸው።

«ሂጂና ሙሉውን አስብያቸዋ!» አሉ፤ ድምፃቸው እንደ ዱሮው ሆነ። «አጭር አማርኛ ክልክል ነው፣ ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳሁትም። ሰኞ ጠዋት ከሎኮ ጋር የዮናስ አለቃ በር ላይ ነን። ደመናው ከብዷል፤ ወረፋው ከረዘመ ያን የሸለሙኝን ጃንጥላ እዘረጋዋለሁ።